ሞተሩ ይብረድ

ከአርማንያ የጫንናት ደብሪቱ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ሁለት ሌሊት አምጣለች፤ የእናቷ ባና ጫፉ፣ ተጨምድዷል በሷ እጅ።
ደብረ ሲናን አልፈን፣ አቀበቱን ስንያያዘው፣
ጉሙ ወርዶ የፊት መብራቱን፣ አንድ ክንድ ላይ ሲገድበው፣
ጣርማ በር ዋሻው ሳንደርስ፣ ጋሽ በልሁ አምቡላንሱን
ጥግ አስይዞ አቆመና፣ አጠፋው ሞተሩን።

«ምን ሆንህ?» አልኩት ጮኼ፣ «ልጅቷ እኮ ምጥ ላይ ናት!
ደብረ ብርሃን ላይ ሐኪሙ፣ ጓንት አጥልቆ ሲጠብቃት!»
እሱ ግን ኮፈኑን አነሳ፤ ታፍኖ የቆየው እንፋሎት
ፊቱ ላይ ሲወጣበት፣ ዞር አላለም ለኔ ጩኸት።
ቢጫ ጀሪካን አወጣ፤ ክዳኑን በጨርቅ ጠምዞ፣
ቀስ እያለ አጠጣው፣ እንደ ጥጃ አንገቱን ይዞ።
ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ አብሶ፣ አንዲት ቃል ወረወረልኝ፤
«ብነዳውማ ይነዳል። ይብረድ ሲስተር፣ ታገሽኝ።»

ይነዳል።
ብርዱ አጥንቴን እየበላው፣ ቃሏን ገልብጬ አየኋት፤
በአንድ ፊቷ መንገድ አለ፣ በሌላ ፊቷ እሳት።

«እኔስ?» ማለት መጣብኝ። እኔስ ስንተኛ አዳሬ?
ማክሰኞ የገባሁ ሰው፣ ዐርብ ሊነጋ ነው ዛሬ።
እግሬ አብጦ የጫማዬን ክር፣ ከፈታሁት ውሎ አድሯል፤
ምሳዬ ብዬ የያዝኩት ቆሎ፣ ኪሴ ውስጥ ከጓንት ጋር ከርሟል።
ትናንት ሽንቴን ቋጥሬ፣ ሦስተኛውን ልጅ ተቀበልኩት፤
የገዛ ልጄ ደውሎ «እማ» ቢለኝ፣
«ከየት ቀበሌ ነው?» አልኩት።

«እሷ እኮ ድካም አታውቅም» ይሉኛል፤ ደስ ይለኝ ነበር።
አሁን ቆሜ ሳስበው ግን፣ ይኼ የሙገሳ ነገር
ጭነት ላይ የሚጨመር፣ ሌላ ጭነት ነው፤ የሚያምር።
የተመረቅን ዕለት ሻማ አስይዘው፣ «እየቀለጣችሁ አብሩ» ያሉን፣
ሻማው ካለቀ በኋላስ፣ ማን ያዋልዳል? አላሉን።

ወደ ኋላ ዞር ስል፣ ደብሪቱን ሸለብ አርጓታል።
ለካ ምጥ እንኳ ያርፋል!
ወገብ ይዞ፣ ዓለምን ጨምቆ፣ ሲበቃው እጁን ይለቃል፤
ጥቂት ትንፋሽ ይሰጥና፣ ደግሞ ዞሮ ይመለሳል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በስንቷ ጆሮ ሥር፣
«በመሃሉ እረፊ እናቴ፣ ጉልበትሽ ለመግፊያው ይኑር»
ስል የኖርኩ፣ እኔ ራሴ
ስገፋ ብቻ የምኖር።

እናቲቱ ይህን ሁሉ አልሰማችም፤ አላወራሁትምና።
ብቻ ባናዋን ገለጠች፤ ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣለች።
የመንዝ በግ ጠጉር ነው፤ ይኮሰኩሳል፣ ይሞቃል።
እንደ ልማዴ «አይ፣ ደህና ነኝ» ልል ነበር።
አላልኩም።
ቆሎውን ከጓንቱ ለይቼ ቆረጠምኩ።

ሰባት ደቂቃ ነው የቆምነው። ሞተሩ ሲነሳ አላቃሰተም፤
ዋሻውን አልፈን ወጣን፤ ስለቆምን ማንም አልሞተም።

ደብረ ብርሃን ሲነጋ፣ ሴት ናት፣ ጮኸች አሉ።
ስሟን ሳልሰማ ተመለስኩ፤ ቁልቁለቱን በእንቅልፍ ወረድኩት።

ቤቴ ገባሁ። በሳፋ ውሃ ለብ አድርጌ፣
ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ፣ ዝቅ ብዬ አጠብኩት እግሬን፤
እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ ለማንም ነበር እንጂ ለኔን።

ስልኩ ጮኸ።
ኃላፊዬ ናት። አንድ ተረኛ ቀርታባት ይሆናል።
ክፉ ሰው አይደለችም፤ እሷም ስትነዳ የኖረች ናት፣
እሷንም ዳር አስይዞ፣ «ይብረድ» ያለ የለም ላንድ ለሊት።
ነገ እነግራታለሁ። ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ቃሏ።

ስልኩ ደግሞ ጮኸ።
ውሃው ገና ለብ እንዳለ ነው።
እግሬን ከሳፋው አላወጣሁም።